የማክሰኞና የዓርብ ጀሪካኖች

አባቴ ማክሰኞና ዓርብ ጀሪካን ይዞ ይመጣ ነበር። ነጭ፣ አሥር ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ አንዳንዴ ቀይ አንዳንዴ ሰማያዊ። ጎህ ሳይቀድ ከቤት ይወጣና፣ እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ምሳዬን ስጨርስ ከኮብልስቶኑ መንገድ ጫፍ ላይ ብቅ ይላል። በሩጫ ሄጄ እቀበለዋለሁ። ባዶ ጀሪካን ምን ይከብዳል? እሱ ግን ከእጁ ስወስድለት ኩንታል ያወረዱለት ያህል በረጅሙ ይተነፍስና ግድግዳውን ደገፍ ብሎ ይቆማል።

«ዛሬስ ምን እንትከልበት፣ ሶሊ?»

ይህችን ጥያቄ ለመስማት ነበር ከማክሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ቀን የምቆጥረው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤት ከደረሰችን ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ከዚያ በፊት አቃቂ በሰቃ፣ ከአምስት ተከራይ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን፤ እዚያ እንኳን ተክል መትከል፣ ልብስ ማስጣትም በተራ ነበር። አባቴ ቀናው የሚሠራው እዚያው በሰቃ፣ አንድ ቶርኖ ቤት ነበር፤ ብረት እየላገ የመኪና ዕቃ ያበጃል። ማታ ሲገባ ዘይት ዘይት ይሸታል። ከጸጉሩ ውስጥ እንደ ክር የተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ እለቅምለት ነበር። አዲሱ ቤት ከገባን ዓመት ሳይሞላ ግን ያ ሽታ ጠፋ። አንድ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠኝና፣

«ፈረቃዬ ተቀየረ» አለኝ። «ከእንግዲህ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው የምሄደው።»

«በሌላው ቀንስ?»

«በሌላው ቀን ካንቺ ጋር።»

«እዚያም ማሽን አለ?»

ወደ እናቴ አየ። እናቴ ብዙወርቅ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«አለ እንጂ» አለ። «አራት ሰዓት ሙሉ ማሽን ላይ ነው የምውለው።»

አልዋሸኝም። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ «ማሽን ላይ ነኝ» እንደሚሉ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን ማሽን ማለት ለኔ ብረት የሚልግ ነገር ነው፤ አባቴ ደግሞ ከማሽን ሁሉ ጋር የሚግባባ ሰው ነው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ ሰዓደት ማክሰኞ ማክሰኞ ደረጃ ላይ እናቴን ሲያገኟት «ዛሬ እጥበት አለው?» ብለው በሹክሹክታ ይጠይቋት ነበር። ማሽን፣ እጥበት፣ ጀሪካን። ሦስቱን ገጣጠምኩና ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። መምህራችን የወላጆቻችንን ሥራ ስትጠይቀን ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ «አባቴ ጀሪካን የሚያጥብ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሯ አልሳቀችም። ታውቅ ነበር መሰለኝ።

አሁን እኔም ቱሉ ዲምቱ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አስተምራለሁ። አንድ ሕፃን ስለ ቤቱ እንግዳ ነገር ሲነግረኝ፣ ያችን መምህር አስታውስና አልስቅም።

ቤታችን ከኋላ በኩል፣ በመስኮቱና በሕንጻው አጥር መካከል፣ ኮንትራክተሩ ጠጠርና የሲሚንቶ ፍርስራሽ ጥሎ የሄደባት ጠባብ ቦታ ነበረችው። መሬቷ አይቆፈርም፤ ስለዚህ አባቴ አፈሩን በዕቃ ማድረግ አለብን አለ። አፈርና ፍግ የሚሰጡን ከኮንዶሚኒየሙ ባሻገር ላም የሚያረቡት ኦቦ ሮሪሳ ነበሩ። በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላን፣ አባቴ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ይዘን፣ አሥር እርምጃ እየሄድን አርፈን፣ አሥር እርምጃ እየሄድን አርፈን እናመጣለን። የምናርፈው ለኔ ተብሎ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ቢላ ቡታጋዝ ላይ ያግልና የጀሪካኑን አናት እንደ ቅቤ ይቆርጠዋል። ከዚያ ምስማር አግሎ ከታች አምስት ቦታ ይበሳዋል፤ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ የሚወጣው ሽታ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ጀሪካኑን ሦስቴ ያለቀልቀዋል። አንዴ ሳይለቀለቅ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ጨው ጨው አለኝ። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ግን መንገድ ላይ ልጦ ጥሎት ነበር የሚመጣው፤ አንድም ቀን ከነወረቀቱ አይቼው አላውቅም። ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ከማሽኑ ጋር ተገጥሞ የአባቴን ደም ያጥባል፤ ሲያልቅ ነርሷ ባዶውን ለፈለገ ትሰጣለች። መስኮታችን ሥር የተደረደሩት ጀሪካኖች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የእጥበት ቀን ነበሩ። እኔ ግን ሰልፋቸው በረዘመ ቁጥር እጄን አጨበጭብ ነበር።

ጀሪካን ብቻ አልነበረም። የቀለም ባልዲ፣ ጆሮው የተሰበረ ሳፋ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። «በዚህ ቤት የሚጣል ነገር የለም» ይል ነበር አባቴ። የሻይ ቅጠሉ ዝቃጭ ለቃሪያው፣ የእንቁላሉ ቅርፊት ተወቅጦ ለቲማቲሙ፣ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ለቆስጣው። ዘር አንገዛም። የበሰበሰ ቲማቲም ጨምቀን ፍሬውን ጋዜጣ ላይ እናሰጣለን። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው ፍሪጃችንን ተሸክመው ሄዱ፤ ከታች ያለው የአትክልት መሳቢያ ስለተሰነጠቀ አንፈልገውም አሉ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። ሰላጣ ዘራንበት። የእናቴ የልብስ ስፌት መኪና ሲሄድም የጠረጴዛው አንዱ መሳቢያ ቀረልን፤ በሶብላ ተከልንበት። ዕቃው ሁሉ ለጓሮው ሲባል ከቤት እየወጣ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ባዶውን ጥግ ቆማ ስታየው ለምን ደስ እንደማይላት አልገባኝም።

አንድ ቅዳሜ አባቴ የቶርኖ ቤት ቡት ጫማውን አውጥቶ አፈር ሞላው። በቀኙ ቃሪያ፣ በግራው ጤና አዳም።

«ጫማህን?» አለች እናቴ መስኮቱ ላይ ሆና።

«ምን ልሠራበት ነው፣ ብዙ?»

መስኮቱን ዘጋችው። ቆይታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ስትከፍት ሰማሁ፤ ብዙ ጊዜ ፈሰሰ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በምትመጣበት ሰፈር እንደዚያ ማፍሰሷ አናደደኝ።

እናቴን የምከስስበት ብዙ ነበረኝ። ድንች ሁለቴ ቀቅላ፣ ሁለቴም ውሃውን ትደፋዋለች። ጎመን ቀቅላ ትጨምቅና አረንጓዴውን ውሃ ትደፋለች፤ አባቴ «የሚጣል ነገር የለም» እያለ! ከሁሉ የሚብሰው ግን የውሃው ነገር ነበር። ለአባቴ ውሃ የምትሰጠው በስኒ ነው። በስኒ! ጠዋት አንድ፣ ምሳ ላይ አንድ፣ ማታ አንድ። ሲጠማው ደግሞ ከንፈሩን በምላሱ እያራሰ ዝም ይላል። ተክሎቹን ግን በጣሳ በጣሳ ያጠጣል። ቀዝቀዝ ባለ ጠዋት፣ ጎንበስ ብሎ ውሃው አፈሩ ውስጥ ሲሰርግ ሲያይ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየው ነበር። እናቴ ከሱ ነጥቃ፣ እሱ ደግሞ ያለውን ለተክሎቹ የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ መስረቅ ጀመርኩ። እናቴ ገበያ ስትሄድ በትልቁ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ አመጣለታለሁ።

«ጠጣ፣ አባዬ። አላየችህም።»

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዘዋል። ዓይኑ እዚያው ላይ ይቀራል። አንዴ ከንፈሩን ብቻ ነከር ያደርግና፣ «ሂጂ እስኪ ያንን ማጭድ አምጪልኝ» ይለኛል። ስመለስ ብርጭቆው ባዶ ነው፤ አጠገቡ ያለው ጀሪካን አፈር ረጥቧል። ውሃ የማያወጣ ኩላሊት ያለው ሰው የጠጣው ሁሉ ሳንባው ላይ እንደሚተኛ ማን ነግሮኝ?

ግራ እጁ ላይ፣ ከአንጓው ከፍ ብሎ፣ እንደ ገመድ ያበጠ ደም ሥር ነበረው። በሙቀትም ቢሆን እጅጌውን አይሰበስብም። አንድ ከሰዓት ደክሞት ተኝቶ ሳለ ጆሮዬን እጁ ላይ አስደገፍኩ። ውስጡ ይጮሃል፤ ዝዝዝ፣ ዝዝዝ፣ ሳያቋርጥ። ደነገጥኩ። ሲነቃ «አባዬ፣ እጅህ ውስጥ ንብ አለ» አልኩት። ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

«አለች» አለኝ። «አበባ ስናወጣ ነው የምትወጣው።»

ማሽኑ እንዲገጠምበት ሐኪሞቹ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን አንድ ላይ የሰፉበት ቦታ ነበር። የሚጮኸው ደሙ ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ የበልግ ዝናብ እየዘነበ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተስፋሚካኤል መጣ። ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። እኔ መኝታ ቤት ደብተር ዘርግቼ ነበር፤ መጋረጃ እንጂ በር አልነበረንም።

«ቤቱ ይሸጥ» አለች እናቴ።

«በምን ሕግ?» አለ አባቴ። «አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም።»

«ሰው ሁሉ በውክልና እየሸጠ አይደል? ተስፋሚካኤል ገዢ አግኝቷል።»

«ሰው አለ» አለ ጋሼ ተስፋሚካኤል፣ የረጠበ ቆቡን እያገላበጠ። «ነገሩን ነግሬዋለሁ። የሚያጉላላ ሰው አይደለም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ በሳምንት ሦስቴ ትሄዳለህ» አለች እናቴ። «እስከዚያ ወንድምህ ከጎጃም መጥቶ ይመረመራል። የእኔማ አልገጠመም አሉ። ብትወስደው በወደድኩ፣ አልገጠመም።»

ምኗ እንዳልገጠመ አሰብኩ። አባቴ ጫማውን አፈር ሞልቶበታል፤ የሷን ጫማ ልትሰጠው ፈልጋ ጠቦት ነው ብዬ ደመደምኩ። ትንሽም አዘንኩላት።

«ገንዘቡ ሁለት ዓመት ያስኬደኛል እንበል» አለ አባቴ። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «ከዚያ ቤቱም የለ፣ እኔም የለሁ። ይቺን ልጅ ይዘሽ የማን ደጅ ልትቆሚ ነው?»

«ሁለት ዓመት ትንሽ ነው?» ድምጿ ተሰበረ። «ሁለት ዓመት ስጡኝ ብዬ ብለምን ማን ይሰጠኛል?»

እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቤቱ ይሸጣል። ቤቱ ከተሸጠ ጓሮውም ይሸጣል። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አይሸጥም!» ብዬ ጮህኩ። «ቤታችን አይሸጥም! ቲማቲሜ ገና አበባ ማውጣቱ ነው! ጀሪካኖቹስ? አባዬ ያመጣቸው ጀሪካኖችስ?» መሬት ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወራጨሁ አለቀስኩ። የበሰቃው ግቢ ልንመለስ መሰለኝ፤ አከራያችን እንደገና ሊቆጡን፣ ልብስ በተራ ልናሰጣ።

አባቴ ከወንበሩ ወርዶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሊያነሳኝ እንዳልቻለ አላወቅኩም። ራሴን ደረቱ ላይ አስደገፈና፣

«ማን ነው የሚሸጠው?» አለ። «ባለቤቷ እንቢ ብላለች። ሰማችሁ አይደል? አለቀ።»

ጋሼ ተስፋሚካኤል ቆቡን አጠለቀ። እናቴ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ወጥታ ዝናቡ ውስጥ ጓሮው መሐል ቆመች። ፊቷ ወደ አጥሩ ነበር። በንዴት አንዱን ተክሌን እንዳትነቅልብኝ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ስጠብቃት ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ቀረ።

«የዓርብን ፈረቃ አነሱት» አለኝ አባቴ።

«ለምን? የቆስጣው ችግኝ እኮ ደርሷል! አለቃህን ንገረው!»

«እነግረዋለሁ።»

አልነገረውም። አኮረፍኩት። ሁለት ቀን ሙሉ «አባዬ» ሳልለው ዋልኩ። ካለኝ ዕድሜ ሁሉ መልሼ ማግኘት የምፈልጋቸው እነዚያን ሁለት ቀናት ነው።

ግንቦት ሲገባ አባቴ ወፈረ። ጉንጩ ሞላ፤ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ እስኪጠብ ድረስ። እግሩ ከመሙላቱ የተነሣ ሸበጥ አልገባለት አለ። ደስ አለኝ። የሰለሉ እጆቹን ማየት ያስፈራኝ ነበርና፣ ጓሮው ማብላት ጀመረ ብዬ አሰብኩ። እትዬ ሰዓደት ሊጠይቁት ሲወርዱ በሩ ላይ ሮጬ ተቀበልኳቸው።

«እትዬ ሰዓደት፣ አባቴ ወፈረ! ኑ እዩት፣ ወፈረ እኮ!»

እናቴ ከኋላዬ ነበረች። በጥፊ መታችኝ። መትታኝ አታውቅም ነበር። የመታችበትን እጇን ትኩር ብላ አየችው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። እትዬ ሰዓደት ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «አብሽሪ ብዙዬ፣ አብሽሪ» አሉ። ያን ቀን እናቴን ለዘላለም ላልወዳት ማልኩ።

ማክሰኞም የቀረው በዚያው ሳምንት ነው። አባቴ እንግዲህ ከቤት አይወጣም። አልጋው መስኮቱ ሥር ተጠጋ፣ ጓሮውን እንዲያይ። ተኝቶ መተንፈስ ስለሚከብደው ሦስት ትራስ ተደግፎ ያድራል። «ዕረፍት ወጣሁ» አለኝ። አመንኩት።

ቲማቲሙ የቀላው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። አንዱ ብቻ። በመጀመሪያው ጀሪካን፣ እኔና አባቴ አብረን በበሳነው። ሦስት ቀን ሙሉ እያሸተትኩት ጠበቅሁ፤ በአራተኛው ቀን ስነካው ራሱ እጄ ላይ ወደቀ። ገና ከፀሐይ ሙቀት ነበረው። ወደ ቤት ይዤ ስሮጥ እናቴ ሳሎን ውስጥ አገኘችኝ።

«ለማን ነው?»

«ለአባዬ።»

«አይበላም!»

«የእኔ ነው፤ ለሱ ነው ያበቀልኩት!»

«አይበላም አልኩሽ፣ ለሱ መርዝ ነው!»

የእኔን ቲማቲም መርዝ አለችው። እንባዬ መጣ። ወደ ወጥ ቤት እስክትገባ ጠብቄ፣ ቀሚሴ ሥር ደብቄ ወደ አባቴ አልጋ ሄድኩ።

አባቴ አይቶት ፈገግ አለ። ወስዶ በመዳፉ መዘነው። አሸተተው፤ ቅጠሉ የነበረበትን ቦታ፣ ያንን ምርር ያለ አረንጓዴ ሽታ። ከዚያ ነከሰው። ጭማቂው በአገጩ ወረደ፤ እኔ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩለት። ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፍሬውን ሳይተፋ በላው። ሲጨርስ ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ።

«እንዲህ ያለ ቲማቲም በልቼ አላውቅም» አለኝ። «ለእናትሽ አትንገሪያት፣ እሺ? የሁለታችን ነው።»

«እሺ።»

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ፣ ከትምህርት ቤት ጋሼ ተስፋሚካኤል መጥቶ ወሰደኝ። ቤት አላስገባኝም፤ በቀጥታ ሦስተኛ ፎቅ እትዬ ሰዓደት ዘንድ አደረሰኝ። ሩዝ አቀረቡልኝ። በመስኮቱ ወደ ታች ሳይ የዕድር ሰዎች ድንኳን ያቆማሉ። ሠርግ መሰለኝ። አንዱ ሰውዬ ችካል ለመትከል ጀሪካኖቻችንን በእግሩ ገፋ ገፋ ሲያደርግ አየሁና መስኮቱን ከፍቼ ጮህኩበት።

«ቀስ በል! የአባቴ ናቸው! እሱን እጠራልሃለሁ!»

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ በእጁ እያነሳ ጥግ አስያዘልኝ። እትዬ ሰዓደት ከመስኮቱ ስበው አቀፉኝ። ልባቸው ጆሮዬ ሥር ሲመታ ይሰማኝ ነበር። «ያረቢ» አሉ፣ «ያረቢ፣ ያረቢ።»

አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።

ይህን ለማንም ሳልናገር አሥራ ሁለት ዓመት ኖርኩበት። መርዝ ነው ተብዬ ነበር፤ ሰጠሁት፤ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ስምንት ዓመት ለሞላው ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም። ካደግኩ በኋላ ይሻለኛል ብዬ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ስንማር ስለ ኩላሊት አነበብኩ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ቲማቲም፣ ድንችና ጎመን በውስጣቸው ባለው ፖታሲየም ልብ እንደሚያቆሙ፣ ድንች ለምን ሁለቴ ተቀቅሎ ውሃው እንደሚደፋ። እናቴ የደፋችው ውሃ ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። ስኒዋም፣ ጥፊዋም። እሷ በስኒ እየለካች በሕይወት ያቆየችውን ሰው እኔ በአንድ ፍሬ ቲማቲም አጠፋሁት አልኩ።

አባቴ ሲሞት ጓሮውን ከእንግዲህ የሚንከባከበው የለም ብዬ ነበር። እኔ ዳግመኛ አልነካሁትም። ጠላችው ያልኳት እናቴ ግን ከዐርባው በኋላ አንድ ንጋት ላይ ጣሳ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላቋረጠችም። ጀሪካኖቹ በፀሐይ ሲሰነጣጠቁ በማዳበሪያ ከረጢት ተካቻቸው፤ ቆስጣና ሰላጣ ከኮንዶሚኒየሙ በር ላይ እየሸጠች ነው ደብተሬን የገዛችው፣ በኋላም አንድ ፋብሪካ መዝናኛ ውስጥ ሥራ እስክታገኝ ያኖረችኝ።

ባለፈው ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቴ ወጥ ቤት ቲማቲም እየከተፈች ነበር። ያቀረበችልኝን ሳህን ወደ ጎን ሳደርገው ቢላዋን አስቀመጠች።

«ለምንድን ነው የማትበዪው?» አለችኝ። «አሥራ ሁለት ዓመት ዝም አልኩሽ። ልጅ ሆነሽ እንደ ጉድ ትወጂው ነበር።»

«አይስማማኝም።»

«ሶሊያና።»

ሙሉ ስሜን የምትጠራው ቀልድ ሳይኖር ነው። ነገርኳት። ቀሚሴ ሥር መደበቄን፣ ጭማቂውን መጥረጌን፣ የሁለታችን ነው ማለቱን። እንድትመታኝ እየጠበቅሁ ነበር መሰለኝ።

«አይቼሻለሁ እኮ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«መጋረጃው ጋ ነበርኩ፤ ምሳውን ይዤለት። ከማሽኑ ከቀረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር፣ ሶሊ። ሐኪሙ ቀኑ እንደቀረበ ነግሮናል። ቲማቲም አይደለም የገደለው፤ ባይበላውም ያው ነው። ልገባና ልነጥቀው እግሬን አንስቼ ነበር። ፊቱን አየሁት። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። ተመለስኩ።»

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የተሸከምኩት ነገር ሲወርድልኝ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ደስ አላለኝም። ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረ፤ እሱን መጠየቅ ነበረብኝ።

«ቤቱስ?» አልኳት። «እኔ ያን ቀን ባላለቅስ ኖሮ ትሸጡት ነበር?»

ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ እንድትለኝ ጠበቅኩ። መደረቢያዋን ፈትታ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«አባትሽ ልቡ ቆርጦ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አንቺ አለቀስሽ አላለቀስሽ አይፈርምም ነበር። አንቺን ምክንያት አደረገሽ እንጂ። የሱን ነገር ተዪው። ያን ቀን እኔ ዝናብ ውስጥ መውጣቴ ትዝ ይልሻል?»

«ተክሌን ልትነቅይ መስሎኝ ነበር።»

«ፊቴን እንዳያዩት ነው የወጣሁት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሶሊ። "አለቀ" ሲል፣ ልጄን ይዤ መንገድ ላይ አልወድቅም ብዬ ደስ አለኝ። አንዲት ደቂቃ ብትሆን ነው። ባሌ ሞቱን ሲመርጥ እኔ አንዲት ደቂቃ ቤት አለኝ ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ገብቼ እግሩ ላይ ወድቄ ፈርም ብዬ ለምኜዋለሁ፤ ያን ሌሊትም፣ በማግሥቱም ለምኜዋለሁ። ያቺን ደቂቃ ግን የሚፍቅልኝ አላገኘሁም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።»

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቷ ነበር። ኪራይ ቤት ተወልዳ ኪራይ ቤት ያገባች ሴት ነበረች። ይህን ልነግራት ፈለግሁ፤ ብዙ ነገር ልነግራት ፈለግሁ። ተነሥቼ ራሷን ወደ ሆዴ አስጠጋሁት። መጀመሪያ ትከሻዋ እንደ ድንጋይ ነበር። ቆይቶ ላላ።

የቀብሩ ዕለት እኔን ሦስተኛ ፎቅ ደብቀውኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከኔ ፊት አላለቀሰችም። አባቴን አሥራ ሁለት ዓመት ለየብቻችን፣ እኔ ከሷ ተደብቄ፣ እሷ ከኔ ተደብቃ ስናለቅሰው ኖረናል። ያን ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን አለቀስነው።